የእንጀራ ገመድ በፋሽስት እጅ

ጁላይ 25 ቀን 1943 ሙሶሊኒ ከሰዓት በኋላ ወደ ንጉሡ መኖሪያ ሄደ። (ቀኑም ዓመቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ እስከ መጨረሻው እንደዚያው እቀጥላለሁ።) ሲገባ የኢጣሊያ መሪ ነበር። ሲወጣ ካራቢኜሪ የሚባሉት የጦር ፖሊሶች አምቡላንስ ውስጥ አስገብተው ወሰዱት። ማታ በሬዲዮ ተነገረ፤ ሕዝቡም ወደ አደባባይ ወጣ። የፋሽስት ፓርቲ ያን ጊዜ ከአራት ሚሊዮን በላይ አባላት ነበሩት። የራሱ ጥቁር ሸሚዝ ለባሽ ሚሊሻም ነበረው። ተኩስ የለ፣ ሰልፍ የለ፣ "መሪያችን የት ነው?" ያለ የለ። ሰዉ ኮቱ ላይ የሰካውን የፓርቲ ባጅ እየነቀለ መንገድ ላይ ጣለው። ማንሊዮ ሞርጋኒ የሚባል የስቴፋኒ ዜና አገልግሎት ኃላፊ ብቻ ራሱን ገደለ። እሱ አንዱ ከልቡ ነበር ማለት ነው።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይሄ ነው። ለአንድ ሌሊት እንኳ የሚሟገትለት ያጣ አገዛዝ እንዴት ከሃያ ዓመት በላይ ቆመ?

ዕድሜዬን የፈጀሁት መዝገብ ቤት ነው። ሥራዬ ፋይል መክፈት፣ ደብዳቤ ላይ ቁጥር መምታት፣ "ለሚመለከተው ሁሉ" የሚል ወረቀት ማዘጋጀት ነበር። ታሪክ ሳነብም ዓይኔ የሚያርፈው ሌላው ሰው ዘሎት በሚያልፈው ቦታ ላይ ነው። ማን ፈረመ? ማህተሙ የማን ነው? ቅጹ ላይ ምን ተጠየቀ? ግልባጩ ለማን ሄደ? የኢጣሊያን ፋሽዝም በዚህ ዓይን ሳየው እንቆቅልሹ ትንሽ ተፈታልኝ። ጥላቻውና ፉከራው ሥልጣን ላይ አወጣው እንበል። ያቆየው ግን የእያንዳንዱን ሰው የእንጀራ ገመድ በጁ ማስገባቱ ነው።

መጀመሪያ ላይ ቆመጥ ነበር፤ ይሄ አይካድም። ከ1920 ጀምሮ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ በካሚዮን እየተጫኑ የሠራተኛ ማኅበራትን ጽሕፈት ቤት ያቃጥሉ ነበር። ሰው ይደበድቡ፣ ይገድሉም ነበር። ያልገደሉትን ይዘው በግድ የጉሎ ዘይት ያጠጡታል። ጉሎ ምን እንደሚያደርግ ለአማርኛ አንባቢ መንገር አያሻም። ሰውዬው በጎረቤቱ ፊት፣ በልጆቹ ፊት ተዋርዶ ወደ ቤቱ ይገባል። ከዚያ በኋላ ስብሰባ ላይ የሚናገር አፍ አይኖረውም።

ግን በቆመጥ ብቻ ቤተ መንግሥት አይገባም። በኦክቶበር 1922 ፋሽስቶቹ ወደ ሮማ ሲዘምቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፋክታ ወታደራዊ አዋጅ አዘጋጅቶ ለንጉሡ አቀረበ። ንጉሥ ቪክቶር ኢማኑኤል ሦስተኛ አልፈርምም አለ። አንድ ፊርማ ናት። ሙሶሊኒ ሚላኖ ሆኖ ነገሩን ሲከታተል ነበርና ተጠርቶ በሌሊት ባቡር ሮማ ገባ። በ1921ዱ ምርጫ ፋሽስቶች ያገኙት ከ535 መቀመጫ 35 ያህሉን ነበር። በሩን የከፈቱላቸው ሌሎች ናቸው፤ "ትንሽ እንጠቀምበትና እንጥለዋለን" ያሉ ጨዋ የሚባሉ ፖለቲከኞች።

ቀጥሎ የመጣው ፈተና ማቴኦቲ ነው። ጃኮሞ ማቴኦቲ የሶሻሊስት ምክር ቤት አባል ነበር። ሜይ 30 ቀን 1924 ምክር ቤት ውስጥ ቆሞ የዚያ ዓመት ምርጫ በማጭበርበርና በዱላ የተገኘ ነው ብሎ ዘረዘረ። ጁን 10 ቀን ሮማ ውስጥ፣ ቲቤር ወንዝ ዳር፣ በጠራራ ፀሐይ መኪና ውስጥ አስገብተው ወሰዱት። ሬሳው የተገኘው ኦገስት ላይ፣ ከከተማ ውጭ ጫካ ውስጥ ነው። ያን ሰሞን አገዛዙ ተንገዳግዶ ነበር። ባጃቸውን ያወለቁ ሁሉ ነበሩ። ተቃዋሚዎቹ ምክር ቤቱን ረግጠው ወጡና ንጉሡ ፍርድ እንዲሰጥ ጠበቁ። ንጉሡ ዝም አለ። ታላቁ ፈላስፋ ቤኔዴቶ ክሮቼ እንኳ ያኔ ሴናተር ሆኖ ለሙሶሊኒ የእምነት ድምፅ ሰጥቷል። ወራት አለፉ። ጃኑዋሪ 3 ቀን 1925 ሙሶሊኒ ምክር ቤት ገብቶ ለሆነው ሁሉ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ አለ። የሚጠይቀው እንደሌለ አይቶ ነዋ!

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ ወደ እኔ ሰፈር፣ ወደ መዝገብ ቤቱ የሚመጣው።

በ1925 እና በ1926 ሕጎች እንደ ዝናብ ወረዱ። የጋዜጣ ኃላፊ የመንግሥት ፈቃድ ሳያገኝ አይሾምም። አድማ ክልክል ነው። በኖቬምበር 1926፣ ሙሶሊኒ ላይ ቦሎኛ ውስጥ ከተደረገው የግድያ ሙከራ በኋላ፣ ሌሎች ፓርቲዎች በሙሉ ተዘጉ። ልዩ ፍርድ ቤት ተቋቋመ። ፖሊስ ሰውን ያለ ፍርድ ወደ ግዞት የሚልክበት ሥልጣን ሰፋ። ሁሉም በሕግ፣ በቁጥር፣ በጋዜጣ የታወጀ ነው። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ይህን ያውቃል፤ ግፍ ቁጥርና ቀን ሲወጣለት የሚፈጽመው ጸሐፊ እጁ አይንቀጠቀጥም።

ልዩ ፍርድ ቤቱ እስከ 1943 ድረስ 5,619 ሰዎችን አቀረበ። 4,596ቱን ፈረደባቸው። የእስራቱ ዘመን ሲደመር ከ27,000 ዓመት ያልፋል። የሞት ፍርዱ 42 ሲሆን 31ዱ ተፈጽሟል። ወደ ደሴቶችና ወደ ሩቅ መንደሮች በግዞት የተላኩት ደግሞ ከአሥር ሺህ በላይ ናቸው። እያንዳንዱ ቁጥር የሰው ቤት ነው፤ አሳንሼ አላየውም። ግን አገሪቱ ያኔ 41 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ነበራት። ከጎረቤቷ ከሂትለር ወይም ከስታሊን ጋር ሲተያይ ይህ ቁጥር ትንሽ ነው፤ አንዳንዶች ይህን ይዘው "የሙሶሊኒ ፋሽዝም ለዘብተኛ ነበር" ይላሉ። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ ትንሽ የሆነው ብዙ ስላላስፈለገው ነው። ከአንድ መንደር አንድ አስተማሪ ቢጋዝ የቀሩት አስተማሪዎች ሁሉ ትምህርቱን ይወስዳሉ።

ፖሊሱን ከ1926 እስከ ሞተበት እስከ 1940 የመራው አርቱሮ ቦኪኒ ነበር። ከፋሽዝም በፊትም የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ፣ ጥሩ ምግብና ጥሩ ወይን የሚወድ፣ የቢሮ ሰው። ስለሱ ሳነብ ያስፈራኛል፤ ምክንያቱም ዓይነቱን አውቀዋለሁ። አይጮህም፣ አይፎክርም። ፋይሉ ግን የተሟላ ነው። ሮማ ውስጥ ማዕከላዊ የፖለቲካ መዝገብ የሚባል ነበር። የጀመረው በ1894፣ በፍራንቼስኮ ክሪስፒ ዘመን ነው። አዎ፣ አድዋ ከሥልጣን ያወረደው ክሪስፒ። ፋሽስቶች ይህን መዝገብ ተረከቡና አደለቡት፤ በመጨረሻ ከ150,000 በላይ ፋይል ተከማችቶበት ነበር። የሰውዬው ቁመት፣ የአረማመዱ ሁኔታ፣ ማን ቤት እንደሚገባ፣ ምን ጋዜጣ እንደሚያነብ፣ ሁሉም ሰፍሮ።

ኦቭራ የሚባል ድብቅ ፖሊስም ነበር። ስሙ ምን ማለት እንደሆነ በይፋ አልተነገረም። ሰው የማያውቀውን ይበልጥ ይፈራላ! ከጦርነቱ በኋላ በ1946 የኦቭራ ጆሮ ጠቢዎች ስም በመንግሥት ጋዜጣ ሲወጣ 622 ስም ነበር የተዘረዘረው። ሌሎች ዓይነት ጠቋሚዎችም ነበሩ፤ ቢሆንም እስቲ 622ን ለ41 ሚሊዮን አካፍሉት። ሰዉ ግን በየካፌው፣ በየባቡሩ፣ በየደረጃው ሥር አንድ አለ ብሎ ነበር የሚኖረው። የሕንፃው ዘበኛ ለፖሊስ ይናገራል። ጎረቤት ስሙን ሳይጽፍ ደብዳቤ ይልካል፤ አንዳንዱ ለአገር አስቦ ሳይሆን የጎረቤቱን ክፍል ፈልጎ። ግድግዳ ጆሮ አለው የሚለውን ብሂል መንግሥት በትንሽ ወጪ እውነት ሲያስመስለው ማለት ነው።

ግዞቱን ትንሽ ጠጋ ብለን እንየው። የሚወስነው ዳኛ አይደለም። የክፍለ ሀገሩ አስተዳዳሪ የሚመራው ኮሚቴ ነው። እስከ አምስት ዓመት ይበይናል፤ ሲያልቅ ደግሞ ማደስ ይችላል። ቦታው ሊፓሪ፣ ኡስቲካ፣ ፖንዛ፣ ቬንቶቴኔ ነው፤ ዛሬ ቱሪስት የሚዋኝባቸው ደሴቶች። ግዞተኛው የቀን አበል ይሰጠዋል፤ መጀመሪያ አሥር ሊሬ፣ በኋላ አምስት። በየቀኑ ስሙ ሲጠራ አቤት ማለት አለበት። ሲመሽ ክፍሉ ይገባል። ምን ማድረግ እንደማይፈቀድለት የተጻፈበት ወረቀት ኪሱ ውስጥ ይኖራል።

አሁን ደግሞ ብልጠቱ። በሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፤ ማመልከቻ መጻፍ ይቻላል። ተጸጽቻለሁ፣ ምሕረት ይደረግልኝ ብሎ ለዱቼው (ለ"መሪው"፣ ለሙሶሊኒ ማለት ነው) የጻፈ ሰው ብዙ ጊዜ ይፈታ ነበር። ሚስት ትጽፋለች፣ እናት ትጽፋለች፣ የሰፈሩ ቄስ ይጽፋል። አገዛዙ እንዲህ ያለውን ወረቀት ከእስረኛው ይበልጥ ይወደዋል። እስረኛ ጀግና ሊሆን ይችላል። ማመልከቻ የጻፈ ሰው ግን ፊርማው ፋይል ውስጥ ቀርቷል፤ ጓደኞቹ ዘንድ ሲመለስም ዓይን ለዓይን መተያየት ይከብደዋል። እኔ በሥራ ዘመኔ ስንት የ"በትሕትና አመለክታለሁ" ወረቀት ፋይል ውስጥ አስገብቻለሁ። ማመልከቻ ሰውን ምን ያህል እንደሚያሳንስ የማውቀው ከአጻጻፉ ነው፤ እጅ ጽሑፉ እንኳ ይደቃል።

ሳንድሮ ፔርቲኒን እዚህ ላይ ማንሳት አለብኝ። ሶሻሊስት ነው፤ በ1929 ከአሥር ዓመት በላይ ተፈርዶበት እስር ቤት ታሟል። በ1933 እናቱ አንጀቷ አልችል ብሎ ሳታስፈቅደው ምሕረት ጠየቀችለት። ሲሰማ ለልዩ ፍርድ ቤቱ ሊቀ መንበር ጻፈ፤ ይህ ማመልከቻ የኔ አይደለም፣ ያዋርደኛል፣ አልቀበለውም አለ። ለእናቱም መራራ ደብዳቤ ላከላት። እኔ ያንን ደብዳቤ ሳስብ ልቤ ለእናቱ ያደላል፤ ምን ታድርግ? ግን ሰውዬው ገብቶት ነበር። እስሩን ጨርሶም አልተለቀቀም፤ ወደ ደሴት ግዞት ተላለፈ፤ የወጣው ሙሶሊኒ ሲወድቅ ነው። በ1978 የኢጣሊያ ፕሬዚዳንት ሆነ።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ተቃወሙት ነው። ብዙው ሕዝብ ግን አልተቃወመም፤ ሥራ ፈላጊ፣ ልጅ አሳዳጊ ነው። ለእሱ የተበጀው የፓርቲ ካርድ ነበር። በ1932 መጨረሻ የአባልነቱ በር ወለል ብሎ ተከፈተ። ከ1933 ጀምሮ ደግሞ ለመንግሥት ሥራ ለመወዳደር ካርዱ መስፈርት ሆነ። ሕዝቡ ወዲያው ስም አወጣለት፦ የእንጀራ ካርድ። የፓርቲውን ስም ሦስት ፊደላትም ሲፈታቸው "ለቤተሰብ ችግር ሲባል" ይላቸው ነበር። ኮት ላይ የሚሰካውን ባጅ ደግሞ ትኋን ይለዋል። ቀልዱ ጥሩ ነው። ግን ልብ በሉ፤ እየቀለደ ሰክቶታል። አገዛዙም ትስቃለህ ወይ ብሎ አይጨነቅም። ሰክተሃል ወይ ነው ጥያቄው።

ካርዱ ላይ ቀን አለ። ከ1922ቱ የሮማ ዘመቻ በፊት የተመዘገበ ሰው በደረጃ ዕድገት ቅድሚያ ያገኛል። የምዝገባ ቀን! የደረጃ ዕድገት ኮሚቴ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ይህ ምን ያህል ሹክሹክታና ምቀኝነት እንደሚወልድ መገመት አያቅተውም። ባልደረባህን የምታየው እንደ ጓደኛ ሳይሆን ባለ ቀዳሚ ቀን እንደሆነ ሰው ይሆናል።

የተማረውስ? በ1931 የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮች እንዲምሉ ታዘዙ። ለንጉሡ፣ ለአልጋ ወራሾቹና ለፋሽስቱ ሥርዓት ታማኝ እሆናለሁ፤ ተማሪዎቼንም ለአገርና ለሥርዓቱ ታዛዥ አድርጌ አሳድጋለሁ ብለው። ፕሮፌሰሮቹ ወደ 1,200 ገደማ ነበሩ። አልምልም ያሉት ደርዘን ቢሆኑ ነው። ከነሱ አንዱ የሒሳብ ሊቁ ቪቶ ቮልቴራ ነበር፤ ወንበሩን አጣ። የቀሩት ሁሉ ፋሽስት አልነበሩም። የሮማው ጳጳስ "በልባችሁ ገደብ አድርጋችሁ ማሉ" የሚል መውጫ ሰጡ። የኮሚኒስቱ መሪ ቶሊያቲ ተማሪዎቹን ለነሱ አትተዉላቸው ብሎ እንዲምሉ መከረ። ክሮቼም ለአንዳንዶቹ ቆዩ አላቸው። ምክንያቱ ሁሉ የሚያሳምን ነው፤ እኔም ብሆን ልጆች አሉኝ። ግን የነዚያ ሰዎች ዝምታ ነው ቀጣዩን ያቀለለው። በ1938 የዘር ሕግ ወጥቶ አይሁድ ፕሮፌሰሮች ሲባረሩ ወንበራቸው ባዶ ሆኖ አልቆየም። የተቀመጡበት ያው ባልደረቦቻቸው ናቸው። ማሲሞ ቦንቴምፔሊ የሚባል ደራሲ ግን ፊሬንሴ ላይ የአቲሊዮ ሞሚሊያኖን ወንበር ውሰድ ሲባል እምቢ አለ። ይህ ሰው ራሱ ፋሽስት የነበረ ነው። ሰው ግራ ያጋባል አንዳንዴ።

ስለ መዝናኛውና ስለ ልጆቹ በአጭሩ ልለፍ። "ከሥራ በኋላ" የሚባል ድርጅት በ1925 ተቋቋመ፤ ኳስ፣ ቲያትር፣ ርካሽ የባቡር ጉዞ ለሠራተኛው። ብዙ ሰው ባሕር ያየው በዚህ ነው። ልጆቹ ከስድስት ዓመታቸው ጀምሮ ዩኒፎርም ለብሰው ይሰለፋሉ፤ የትምህርት ቤት መጽሐፉም አንድ ዓይነት፣ የመንግሥት ሆነ። ያላገባ ወንድ ግብር ይከፍል ነበር፤ ከ25 እስከ 65 ዓመት ያለ ሁሉ። ይህቺን ላጤዎች እንዳይሰሟት።

ጋዜጣው የበለጠ ይስበኛል፤ እሱም የወረቀት ጉዳይ ነውና። ለአዘጋጆቹ ከመንግሥት በየቀኑ መመሪያ ይመጣል። በስስ የኮፒ ወረቀት ላይ የተተየበ፤ ይህ ዜና በትልቁ ይውጣ፣ ያኛው አይነሳ፣ ይህ ፎቶ ይቅር። የወንጀልና ራስን የመግደል ዜና እንዲቀንስ ይታዘዛል። ዱቼው አያት መሆኑ እንዳይነገር ይታዘዛል፤ መሪ አያረጅማ! ሳንሱር ሲባል ቀይ እስክሪብቶ የያዘ ሰው ይመጣብናል። እነሱ ግን ቀዩን እስክሪብቶ ለአዘጋጁ ራሱ ሰጡት። ከሥራው እንዳይባረር የሚፈራ አዘጋጅ ከታዘዘውም በላይ ይቆርጣል።

በ1929 ደግሞ ምርጫ ተደረገ። ምርጫ ልበለው እንጂ 400 ስም ያለበት አንድ ዝርዝር ነበር፤ አዎ ወይም አይደለም ነው መልሱ። "አዎ" የሚለው ወረቀት የባንዲራው ሦስት ቀለም ነበረበት። "አይደለም" የሚለው ነጭ ነበር። ሁለቱንም ይሰጡሃል፤ አንዱን ሳጥን ውስጥ ትከታለህ፣ ሌላውን ትጥላለህ። ምስጢር ነው ይባላል፤ ነገር ግን የወረቀቱን ቀለም አስመራጩ ከሩቅ ለመለየት መነጽር አያስፈልገውም። ከወር በፊት ከቫቲካን ጋር ስምምነት ተፈርሞ ስለነበር ካህናቱም አዎ በሉ ይሉ ነበር። ውጤቱ ከ98 በመቶ በላይ አዎ። ከ135,000 የሚበልጡ ሰዎች ግን ያቺን ነጭ ወረቀት ከተዋታል። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1934፣ እነዚያ ወደ 15,000 ወረዱ። ለመሆኑ 120,000ዎቹ ሐሳባቸውን ቀየሩ? ወይስ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው?

አሁን እኛን ወደሚነካው ልምጣ። አገዛዙ ከፍተኛ ድጋፍ ያገኘው መቼ ነው ቢባል በኛ ላይ ሲዘምት ነው። ኦክቶበር 1935 ኢትዮጵያን ወረረ። ኖቬምበር ላይ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ማዕቀብ ጣለ። ማዕቀቡ ነዳጅን አልነካም፤ የስዌዝ ቦይም አልተዘጋ። ጦሩን የማያቆም፣ ሕዝቡን ግን "ዓለም ሁሉ ጠላን" የሚያሰኝ ማዕቀብ ነበር። ሙሶሊኒ ይህንን አላሳለፈውም። ዲሴምበር 18 ቀን 1935 የቀለበት ቀን ተባለ። ንግሥት ኤሌና ሮማ መሃል የአገር መሠዊያ ከሚባለው ሐውልት ፊት ወጥታ የጋብቻ ቀለበቷን ሰጠች። ከኋላዋ ሴቶች ተሰለፉ። ወርቁን ይሰጣሉ፣ የብረት ቀለበት ይቀበላሉ። በሮማ ብቻ ሩብ ሚሊዮን ያህል ቀለበት ተሰበሰበ ይባላል።

ይህን ሳስብ በመጀመሪያ ንዴት ነው የሚመጣብኝ። ያ ወርቅ የተሰበሰበው ለየትኛው ጦርነት እንደሆነ እናውቃለን። የመርዝ ጋዙን ነገር የኢጣሊያ መንግሥት በይፋ ያመነው በ1996 ነው። ቀለበቷን የሰጠችው ሴትዮ ጋዜጣዋ ላይ ስለ ጋዝ አንድ ቃል አላነበበችም። ግን ንዴቴ ሲበርድ የመዝገብ ቤቱ ዓይኔ ይመጣል። የብረት ቀለበቱ በጣት ላይ የሚታይ ደረሰኝ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ የወርቅ ቀለበት ያደረገች ሴት ገበያ ስትወጣ ጎረቤቶቿ ጣቷን ያያሉ። ሳትናገር ተቃዋሚ ሆነች። አንዳንዷ ወርቋን ደብቃ ሌላ ርካሽ ቀለበት ገዝታ ሰጥታለች፤ ደረሰኙን ግን አግኝታለች።

ከሁሉ የሚከብደኝ ክሮቼ ነው። ከ1925 በኋላ አገዛዙን በግልጽ የተቃወመ ሰው ነው፤ በ1926 ቤቱን ሰብረው ገብተዋል። መጽሔቱን ግን ማሳተም አልከለከሉትም፤ ለውጭ አገር ሰው "ይኸው ነፃነት አለ" ብለው የሚያሳዩት እሱን ነበር። ይህ ሰው እንኳ በዚያ ዲሴምበር የሴናተርነት ሜዳሊያውን ለወርቁ ክምር ሰጠ። መንግሥቱን አልደግፍም፣ አገሬ ግን አገሬ ናት ነው ነገሩ። አገዛዝ ራሱንና አገሩን አንድ አድርጎ ካሰፋው፣ ክሩን ለመለየት ክሮቼም ይቸገራል።

ታዲያ እንዲህ ጠንክሮ የታሰረ ነገር በአንድ ቀን እንዴት ተፈታ? ገመዱ እንጀራ ሲያጣ ነዋ። ከ1940 ጀምሮ ጦርነቱ በየግንባሩ ከሸፈ። በ1942 የአንድ ሰው የቀን ዳቦ ራሽን 150 ግራም ደረሰ። ከተሞች ይደበደቡ ጀመር። በማርች 1943 ቶሪኖ ውስጥ የፊያት ሠራተኞች ሥራ አቆሙ፤ አድማ ከተከለከለ 17 ዓመት ሆኖት! ካርዱ ዳቦ ካላመጣ ካርድ ብቻ ነው። ይህን መጀመሪያ ያሸተቱት ደግሞ ራሳቸው የፓርቲው ታላላቆች ናቸው። ጁላይ 24 ማታ ተሰብስበው እስከ ሌሊት ተከራከሩና 19 ሰዎች መሪያቸው ላይ ድምፅ ሰጡ። በነጋታው ንጉሡ ጨረሰው፤ በ1922 መፈረም የነበረበትን ወረቀት ከ21 ዓመት በኋላ። በሙሶሊኒ ቦታ የተተካው ሰው ባዶሊዮ ነው። ያው የኛው ባዶሊዮ፣ አዲስ አበባ የገባው።

ሙሶሊኒን ወደ ፖንዛ ወሰዱት፤ ራሱ ሰው ሲያግዝበት ወደነበረው ደሴት። ያሳረፉት ራስ እምሩ ታስረው በኖሩበት ቤት ነው። በደሴቱ ላይ ያኔ ፒዬትሮ ኔኒ የሚባል ሶሻሊስት ግዞተኛ ነበር። በ1911 የሊቢያን ጦርነት ተቃውመው እሱና ሙሶሊኒ አብረው ታስረው ነበር። ኔኒ በሩቅ ማያ መነጽር ተመለከተው ይባላል። እንዲህ ዓይነቱን ድርሰት ሰው ቢጽፈው "አበዛኸው" እንለዋለን።

ፍትሕ ሆነ ብሎ እዚህ ላይ መዝጋት ደስ ይላል፤ አልሆነም። ጀርመኖች መጡና ሙሶሊኒን አስፈትተው ሰሜኑን ይዞ እንዲቀጥል አደረጉት። በ1938 ሮማ ያስቆጠረችው የአይሁድ ዝርዝር ፋይል ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ከ1943 በኋላ ሰዎቹን ወደ ሞት ካምፕ ለመልቀም ጠቀመ። የቆጠረው ጸሐፊ በ1938 ምን ይደረግበታል ብሎ አስቦ ይሆን? እኔም ስንት ዝርዝር ሠርቻለሁ። ለምን እንደሆነ የጠየቅሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ምሕረት ታወጀ፤ ብዙው የቢሮ ሰው ወደ ቢሮው ተመለሰ። ጌታኖ አዛሪቲ የሚባል ዳኛ ነበር። የዘር ሕጉ ሲወጣ ማን አይሁድ ነው፣ ማን አይደለም የሚለውን የሚመረምር ኮሚሽን ሊቀ መንበር ሆኖ የሠራ ሰው ነው። በ1957 የአዲሲቱ ሪፐብሊክ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነ። በዚያው ወንበር ላይ እንዳለ፣ በክብር፣ በ1961 ሞተ።